መርዶ ለባለቤቱ

መርዶ መንገር እናውቅበታለን። ሰው ለሞተበት ወገናችን ወሬውን እንደ ዕቃ ደጁ ላይ ጥለንበት አንሄድም። አስቀድመው የቅርብ ሰዎች ይመካከራሉ፤ ማን ይናገር? ማን አጠገቡ ይቀመጥ? መቼ ይሁን? ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የልብ ሕመምተኛ ከሆነ፣ ልጁ ፈተና ላይ ከሆነ ቀኑ ይገፋል። ማታ አይነገርም፤ ባለሐዘኑ ሌሊቱን ከወሬው ጋር ብቻውን እንዳያሳልፍ። ጎህ ሲቀድ ዘመድ፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። ይህ ሥርዓት ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ውስጥ ሰዎች ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ተጠራርተው፣ ገና ሳይነጋ አንድ አፓርታማ በር ላይ የሚሰበሰቡት ለዚሁ ነው።

ወሬው ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ሰሚው ስለራሱ ሲሆንስ? ሐኪም «ይህ በሽታ አይድንም» ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከቤቱ ሁሉ መጨረሻ የሚሰማ፣ አለዚያም ሳይሰማ የሚሞት እሱ ነው። ልጆች ያውቃሉ፣ ምራት ታውቃለች፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድም ያውቃል፣ የማኅበሩ ሰዎች ያውቃሉ። የማያውቀው የነገሩ ባለቤት ብቻ ነው። ለምን ሲባል «ባህላችን ነው» እንላለን። እውነት ባህላችን ነው? ቢሆንስ ልክ ነው?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ ምሳሌ ልያዘው። የምሳሌዋ እናት በስም የማውቃት ሰው አይደለችም፤ ብዙዎቻችን ግን አንድ የምናውቃትን እናት ትመስላለች። ቦታው ሬድውድ ሲቲ ይሁን፤ በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ሆዜ መካከል ያለችው፣ አየሬ በመንግሥት ፈተና የተመሰከረለት ነው የሚል ጽሑፍ በመንገዷ ላይ በቅስት ያቆመችው ከተማ። እኚህ እናት 70 ዓመት አልፏቸዋል፤ የመጡት የልጅ ልጆች ለማሳደግ ነው። ሲጋራ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ወራት የቆየ ሳል አለባቸው፤ «ብርድ ነው» ይባላል። ከዚያ አንድ ሰሞን ጠዋት ሲነሡ ፊታቸው ያብጣል፤ የነጠላቸው ጥለት አንገታቸው ላይ ይጠብቃል፤ ጎንበስ ሲሉ ራሳቸው የሚፈነዳ ይመስላቸዋል።

አላጨሱም ማለት አይታመሙም ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ካንሰር ከሚይዛቸው ሰዎች ከመቶ 10 እስከ 20 የሚሆኑት አጭሰው የማያውቁ ወይም በሕይወታቸው ከ100 ሲጋራ በታች ያጨሱ ናቸው። ለብዙ ዓመታት በተዘጋ ማጀት የተማገ የእንጨት ጭስም ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዕጢው ሳንባ ውስጥ አድጎ ወደ ደረት መካከል ሲገፋ፣ ከራስ፣ ከአንገትና ከክንድ ደም ሰብስቦ ወደ ልብ የሚያወርደውን ትልቁን ደም መልስ ይጫነዋል። ደሙ መውረጃ ሲያጣ ፊት ያብጣል፤ የአንገትና የደረት ሥሮች ይገተራሉ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሃንተር ይህን የሥር መታፈን እ.ኤ.አ. በ1757 ሲገልጽ ምክንያቱ በቂጥኝ የተለጠጠ ትልቅ ደም ቅዳ ነበር። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሳንባ ካንሰር ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የታደሰውን ደም ከሳንባ ወደ ልብ የሚመልሱት ሥሮች ለዕጢው በር ይሆኑለታል፤ በሥሩ ውስጥ እያደገ የልብን ግራ ላይኛ ክፍል ሊገባ ይችላል። ከዚያ የተሰበረ ቁራጭ ከደም ጋር ወደ አንጎል ቢሄድ ስትሮክ ያመጣል። ወይም ካንሰሩ የልብን ሽፋን ይይዝና በሽፋኑና በልቡ መካከል ውሃ ይቋጠራል፤ ልብ እንደ ልቡ መምታት ያቅተዋል። በዚህ ውሃ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ከተገኘ በሽታው አራተኛ ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። የታፈነው ሥር ውስጥ የብረት መረብ ተከቶ ሲከፈት እብጠቱ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጨረር አለ፤ ውሃው በመርፌ ይቀዳል፤ ዕጢው የተወሰነ የዘረመል ለውጥ ካለው የሚዋጥ መድኃኒት ዕድሜ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ማዳኛ አይደለም።

እንግዲህ ሐኪሙ ይህን ሊናገር ሲል ልጁ ኮሪደር ላይ ያዘው እንበል። «እባክህ ለእናቴ አትንገራት። እኔ ልወቀው። እሷ ከሰማች በበሽታው ሳይሆን በድንጋጤ ትሞታለች» ይለዋል።

ይህን ልጅ ውሸታም ማለት ይቀላል፤ ግን ትክክል አይደለም። ከልመናው ጀርባ ሦስት የከበዱ ነገሮች አሉ። አንደኛው ተስፋ ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምግብ ይተዋል፣ መድኃኒት ይተዋል። ሁለተኛው የቃል ኃይል ነው፤ ክፉን በአፍ መጥራት ሟርት ነው የሚል ፍርሃት አብሮን አድጓል። የካንሰርን ስም ሳንጠራ «ያ ክፉ በሽታ» የምንለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ሸክም መጋራት ነው፤ እናት ልጇን ስትሸከም ኖራለች፣ አሁን ልጅ የእናቱን ሸክም ይውሰድ። ሦስቱም የፍቅር ምክንያቶች ናቸው።

በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1992 ለአሜሪካ ሐኪሞች ጽፈውላቸዋል። ርዕሰ ጉዳያቸው ክፉ ዜና ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንዴት ይነገር የሚል ነበር። ሐኪሙ ግልጽነት ብሎ የሚኮራበት ነገር በእኛ ቤት ጭካኔ ሊባል እንደሚችል፣ ወሬው ታማሚው ላይ በድንገት ከመውደቁ በፊት የቅርብ ሰው ማወቅ እንዳለበት አስረድተዋል። ጽሑፉ ከወጣ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥያቄው ግን እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሟል።

ፈረንጁ ሁልጊዜ ይናገራል፣ ሐበሻ ሁልጊዜ ይደብቃል የሚለው ክፍፍልም ታሪክን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1961 ቺካጎ ውስጥ 219 ሐኪሞች ተጠይቀው ከመቶ 90 ያህሉ ካንሰርን ለታማሚው አለመንገር እንደሚመርጡ መለሱ። ምክንያታቸው የእኛው ልጅ ምክንያት ነበር፦ ተስፋ እንዳይሞት። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች የአሜሪካ ሐኪሞች ሲቀርብ ከመቶ 97 የሚሆኑት መንገር እንመርጣለን አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ አንድ አገር ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ተሻገረ። መድኃኒቱ ተሻሽሎ ነበር፤ የታማሚ መብት የሚባል ሐሳብ ጎልብቶ ነበር፤ ፍርድ ቤትም ገብቶበት ነበር። ስለዚህ መደበቅ የአንድ ሕዝብ ጠባይ አይደለም። የሚወድ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ፈተና ነው።

ታዲያ ለምን አልደብቅም እላለሁ? የመጀመሪያው ምክንያቴ ከዚህ በሽታ ከራሱ የመጣ ነው። ቀድሞውኑ የሚደበቅ ነገር የለም። ሌላ ካንሰር ወራት ተሸሽጎ ይቀመጥ ይሆናል፤ የልብን ደጅ የያዘ ካንሰር ግን መስታወት ላይ ይታያል። እኚህ እናት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ያዩታል። ጋደም ማለት አቅቷቸው ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው ሲያድሩ ያውቁታል። ገላቸው መርዶውን ከነገራቸው ቆይቷል። ቤተሰቡ የሚደብቀው በሽታውን ሳይሆን ስሙን ብቻ ነው። ስሙ ሲደበቅ ደግሞ እናት እውቀታቸውን ይዘው ብቻቸውን ይቀራሉ። ልጆች እንዳይጨነቁ እሳቸውም «ዛሬ ይሻለኛል» ይላሉ። እናት ለልጅ፣ ልጅ ለእናት እያስመሰሉ፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በሁለት ክፍል ያዝናሉ። ማታ መርዶ የማንናገረው ሰው ሌሊቱን ብቻውን ከሐዘኑ ጋር እንዳያድር ነው ብለን ነበር። እዚህ ግን ዝም በማለታችን ያንኑ ሌሊት እየሰጠናቸው ነው።

ሰውነት ባይናገር እንኳ ቤቱ ይናገራል። ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ ለታማሚው እንዲደርስ ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ካንሰርን የሚያሳዩ አንዳንድ ውጤቶች ሐኪሙ አስቀድሞ በቃል ሳያነጋግር በኤሌክትሮኒክ እንዳይለቀቁ የሚያግድ ሕግ አውጥታለች። በሌላ አነጋገር፣ ሳታውቀው የመርዶን ሥርዓት ጥቂቱን ደንግጋለች። ያም ሆኖ የቀጠሮው መልእክት፣ የክፍሉ ስም፣ በፖስታ የሚመጣው ደረሰኝ አፍ አላቸው። እናት እንግሊዝኛ አያነቡ ይሆናል፤ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጅ ግን ታነባለች። ሆስፒታሉ የሚመድበው አስተርጓሚም የሙያው ግዴታ የተባለውን ሁሉ ማስተርጎም ነው፤ ልጁ በጥቅሻ ዝም ሊያሰኘው አይችልም። ስለዚህ ምርጫው ታውቃለች ወይስ አታውቅም አይደለም። ከእኛ ትስማ ወይስ ከደረሰኝ? ምርጫው ይሄ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ከራሳችን ወግ ነው። ባህላችን ሰው ሞቱን ሳያውቅ እንዲሞት ይፈልጋል የሚለው አባባል ኑዛዜን ረስቷል። በክርስቲያኑ ቤት የነፍስ አባት አልጋው ድረስ ይጠራሉ፤ ንስሐ አለ፣ ቁርባን አለ፣ «ይቅር በሉኝ» አለ። በሙስሊሙ ቤት ወሲያ አለ፤ ዕዳ ይነገራል፣ አደራ ይሰጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሳይቀር የቃል ኑዛዜን የሚፈቅደው ሞቱ መቃረቡ ለተሰማው ሰው ነው፤ ሁለት ምስክር ፊት ይናገራል፤ ሰውዬው ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ከቆየ ኑዛዜው ይወድቃል። ይህ ሁሉ የሚቆመው አንድ ነገር ሲኖር ነው፦ የሚሞተው ሰው ሲያውቅ። መደበቁን ከባህላችን ወሰድነው፣ ኑዛዜውን ግን እዚያው ተውነው። ከመርዶም ማዘግየቱን ብቻ ይዘን መንገሩን ጣልን። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ የቀረ መርዶ መርዶ አይባልም።

ሦስተኛው ምክንያት የስደተኛ ምክንያት ነው። ሬድውድ ሲቲ ያሉ እናት አንድ ትልቅ ነገር መወሰን ሊኖርባቸው ይችላል፤ አገሬ ልግባ ወይስ ልጆቼ ዘንድ ልቅር? ይህን ውሳኔ በሽታው ለዘላለም ክፍት አይተውላቸውም። የሥሩ መታፈን ቀሎ፣ ትንፋሽ ተመልሶ፣ ረጅሙን በረራ መቻል የሚቻልበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ሊሆን ይችላል። በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ያ በር ይዘጋል። «ሲሻልሽ ትሄጃለሽ» የሚል ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ግን የሄደው ጊዜ የእናቱ ነው። በኋላ አስከሬን ለመላክ ገንዘብ እናዋጣለን፤ በዚህ ማንም አያማንም። በሕይወት ሳሉ ግን ትኬት ልቁረጥልሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

እስካሁን ያልኩት ግን ለሐኪሙ ግትርነት ምስክር እንዳይሆን እፈልጋለሁ። እውነት መንገር ማለት ቁጥር መወርወር አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሚክሎስ አራቶ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1980 የቆሽት ካንሰር ተገኘበት፤ በማግስቱ ዓመት ሞተ። በሕክምናው መጀመሪያ በሞላው ቅጽ ላይ እውነቱ እንዲነገረው እንደሚፈልግ አመልክቶ ነበር። ሐኪሞቹ በሽታው ከባድ መሆኑን ነግረውታል፤ በእሱ የተያዙ ሰዎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚኖሩ የሚያሳየውን አኃዝ ግን አልነገሩትም። ቤተሰቡ «ቢያውቅ ኖሮ ጉዳዩን ያስተካክል ነበር» ብሎ ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ሐኪሞች አኃዙን የመንገር የተለየ ግዴታ የለባቸውም ሲል ወሰነ። ከሬድውድ ሲቲ ጥቂት ማይል በሚርቀው ስታንፎርድ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ይማር የነበረው ፖል ካላኒቲ በ2013 የሳንባ ካንሰር ሲያዝ ቁጥሩን ራሱ ጠይቆ ነበር፤ ሐኪሙ አልሰጡትም፤ ይልቅ ከምንም በላይ የሚያስቀድመውን እንዲለይ መከሩት። በመጋቢት 2015፣ በ37 ዓመቱ፣ መጽሐፉን ሳይጨርስ አረፈ። ከአራቶ ቤተሰብ ክስ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ሰው ጉዳዩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው እውነት ከልክ በታች ሊሆን ይችላል። ከካላኒቲ የምወስደው ሌላ ነው፦ እውነቱ የስንት ወር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምን ይቅደም የሚለው ጉዳይም ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። እናትየዋ ራሳቸው ማወቅ ባይፈልጉስ? «ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፤ ልጄ ይስማልኝ» ቢሉስ? እኔ ይህ መብታቸው ነው እላለሁ። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ሐኪም ለታማሚ ማስረዳት እንዳለበት በደነገገበት ፍርድ ውስጥ፣ ታማሚው አትንገረኝ ካለ ግዴታው እንደሚቀር አብሮ ተናግሯል። ልጁና እናቱ የሚለያዩበት መስመር ይህ ነው። «አትንገሩኝ» ያሉት እናት ወስነዋል። «አትንገሯት» ያለው ልጅ ግን በእናቱ ወስኗል። ቃላቱ ይመሳሰላሉ። አንዱ አደራ ነው፣ ሌላው ቅሚያ ነው፤ ምንም እንኳ ከፍቅር የመጣ ቅሚያ ቢሆን።

«ጠይቁ» ስንል ግን ጥያቄው ራሱ መርዶ ይሆናል የሚል ተቃውሞ አለ። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሐኪሙ ፊት፣ ውጤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳለ «ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» የተባለች እናት መልሱን ከጥያቄው ትሰማለች። መፍትሔው ጥያቄውን መተው ሳይሆን ቀደም ማድረግ ነው፤ ሳሉ ሳይመጣ፣ ምርመራው ሳይታዘዝ፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰው በራሱ መናገር ቢያቅተው ስለ ሕክምናው የሚወስንለትን ወኪል በጽሑፍ መሾም ይችላል፤ ሰነዱ በሁለት ምስክር ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይጸናል። ሁለት ምስክር! ኑዛዜ ሰሚዎቻችንን ያስታውሰኛል። ቅጹ የፈረንጅ ነው፤ በጎረቤት ፊት ተናግሮ አደራ መስጠት ግን የእኛም ነው።

መርዶ ነጋሪዎች የሚጠይቋቸው ሦስቱ ጥያቄዎች ለዚህም ያገለግላሉ። ማን ይናገር? ምናልባት ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ ልጁ እጇን ይዞ። ማን አጠገቧ ይሁን? የነፍስ አባት፣ እህት፣ ወይም ቡና የሚያጣጧት ጎረቤት፤ እሷ የመረጠችው ሰው። መቼ? ሕክምናው ትንፋሽ በሰጣት ጊዜ እንጂ በመጨረሻው ሌሊት አይደለም። የሚነገረውም በአንድ ጊዜ አይፈስም፤ «ምን ያህሉን ልንገርሽ?» እየተባለ በልክ ይቀዳል፤ በቃኝ ስትል ይቆማል፤ ነገ ደግሞ እንደገና ትጠየቃለች፤ ሰው ሐሳቡን ይለውጣልና።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። «እያደር» ማለት ጊዜ ይሰጠዋል ማለት ነው። «ይጠራል» ማለት ግን አይቀርም ማለት ነው። ሁለቱንም መያዝ ይከብዳል፤ የአሜሪካ ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይዘነጋል፣ የእኛ ቤት ሁለተኛውን።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ወይም ምሳ ተበልቶ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ማንም ሳይታመም ሊነሣ የሚችል ጥያቄ አለ። «እማዬ፣ ለጤናሽ እንጂ ለክፉ አይደለም፤ እንዲያው አንድ ቀን ሐኪም ከባድ ነገር ቢያይብሽ መጀመሪያ ለማን እንዲነገር ትወጃለሽ?» ትንሽ ትቆጣለች። «ምን ሟርት ነው» ትላለች። ከዚያ ሦስተኛው ሳይቀዳ በፊት መልሷን ትሰጣለች፤ ያን መልስ የሰማ ልጅ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚለው ነገር አይጠፋውም።